የሰፈር ፖሊስ ከንቲባ በሆነ ጊዜ
(በራዲዮ የተሰማ ንግግር)



ልጁን ወይም ወንድሙን ለመጠየቅ ወደ ሎስ አንጀለስ የተጓዘ ሰው ከእናንተ መካከል አይታጣም። በዚያ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የባሕር ማዶ መንገደኞች የሚያልፉበት ትልቁ አዳራሽ በአንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ሰውየውም ቶም ብራድሊ ይባላል። መንገደኛው ሻንጣውን ፍለጋ ሲጣደፍ ስሙን በጨረፍታ አንብቦ ያልፋል፤ ምናልባትም ድል ያደረገ ጄኔራል ወይም ገንዘብ የሰጠ ባለጸጋ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ሰውየው ግን ጄኔራልም ባለጸጋም አልነበረም። 21 ዓመት የዚያው ከተማ ፖሊስ፣ 10 ዓመት የከተማው ምክር ቤት አባል፣ 20 ዓመት ደግሞ ከንቲባ ሆኖ የሠራ፣ ከሞላ ጐደል ዕድሜውን በሙሉ ደመወዙን ከአንድ ካዝና የተቀበለ የሕዝብ ሠራተኛ ነበረ።

ይህን ታሪክ ለማቅረብ የመረጥሁት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ብራድሊ ከፖሊስነቱ አንሥቶ እስከ ከንቲባነቱ ድረስ የሠራበት አንድ ሐሳብ ነበር፤ ይኸውም ፖሊስ የሚጠብቀውን ሕዝብ ካላወቀና ሕዝቡም እርሱን ካላወቀው ጥበቃው ጥበቃ አይሆንም የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ይዞ ከተራ ፖሊስነት ተነሥቶ ወደ ከተማው ከፍተኛ ወንበር ወጣ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን የገዛ መሥሪያ ቤቱን ሊያርመው ሳይችል ብዙ ዓመታት አለፉ። ለምን አልቻለም? የዛሬው ንግግሬ ጕዳይ ይኸው ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ብራድሊ በ1917 በቴክሳስ ካልቨርት በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደ። አያቱ ባሪያ ነበረ፤ ወላጆቹም በሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረቱ ምርቱን ለባለ መሬቱ የሚያካፍሉ ጭሰኞች ነበሩ። ጭሰኝነት ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1924 ቤተ ሰቡ ወደ ምዕራብ ተጓዘና በሎስ አንጀለስ ተቀመጠ፤ እናቱም በሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። ቶም ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ረጅም ወጣት ሆነ፤ ሩጫም ይችል ነበርና በሩጫው ምክንያት በዚያው ከተማ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ዕድል አገኘ። ትምህርቱን ሳይፈጽም ግን በ1940 የፖሊስ መግቢያ ፈተና አልፎ ማዕርጉን ለበሰ። በዚያን ዘመን ለአንድ ጥቁር ወጣት ቋሚ ደመወዝና ጡረታ ያለው ሥራ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

የገባበት መሥሪያ ቤት ጥቁር ፖሊሶችን የሚያሰማራው በሁለት ስፍራ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወይ የጥቁሮች ሰፈር ወደ ነበረው ወደ ኒውተን መንገድ ጣቢያ፣ ወይ ደግሞ በከተማው መካከል ተሽከርካሪ ወደ ማስተናገድ። ጥቁርና ነጭ ፖሊስ በአንድ መኪና ተቀምጠው ለጥበቃ አይወጡም ነበር። በ1950 ብራድሊና ባለቤቱ ሌመርት ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቤት ለመግዛት በፈለጉ ጊዜ፣ ሻጮች ለጥቁር አይሸጡም ነበርና፣ ነጮች ወዳጆቻቸው በስማቸው ገዝተው አስተላለፉላቸው። ዐሥር ዓመት ሙሉ የከተማውን ቤቶች ከሌባ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በከተማው ውስጥ አንዲት ቤት በግልጽ መግዛት አልተፈቀደለትም ማለት ነው። ብራድሊ ግን በዚህ ነገር ሲጮኽ የሰማው የለም። ዝምታው በኋላ ዘመን ስም አወጣለት፤ የማዘጋጃ ቤቱ ስፊንክስ ይሉት ጀመር፤ በግብጽ በረሓ ተቀምጦ የማይናገረውን የድንጋይ ምስል ማለታቸው ነው። ወደዚህ ዝምታ በኋላ እመለሳለሁ።

በፖሊስነቱ ዘመን ከሠራቸው ሥራዎች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወጣት ጥፋተኞችን የሚመለከተው ክፍል ነው። ሁለተኛው፣ በ1950ዎቹ ዓመታት፣ ፖሊስን ከሕዝብ ጋራ የሚያገናኘው ክፍል ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ዛሬ በየአገሩ፣ በእኛም ዘንድ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት የሚባለው ሥርዓት ገና ስም ሳያገኝ የነበረ ዘሩ ነው።

ሥራው ከላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። መኰንኑ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ማታ የሰፈር ማኅበር ሲሰበሰብ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ከጋዜጣ አዘጋጆች፣ ከመምህራን፣ ከሱቅ ባለቤቶች ጋራ ይተዋወቃል። ሊይዝ የመጣ ሳይሆን ሊሰማ የመጣ ፖሊስ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ሥራ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ሕዝቡ የሚሄደው ነው፤ ይህም ደንቡን ማስረዳት፣ ወሬውን ማስተባበል፣ የአለቃን መልካምነት መግለጽ ነው። ሌላው ከሕዝቡ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመለሰው ነው፤ እገሌ የሚባል ፖሊስ ሰው ያለ ምክንያት ይመታል፣ እገሊት ስትጮኽ ደርሶ የረዳት የለም የሚለውን አቤቱታ ተሸክሞ ወደ አለቃ ጠረጴዛ ማድረስ ነው። አለቆች ሁልጊዜ የሚወዱት የመጀመሪያውን ነው። ሕዝብ የሚፈልገው ግን ሁለተኛውን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አለና፣ ከዚያ በር በስተኋላ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚሠራ ክቡር አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

የከተማው ፖሊስ አዛዥ ከ1950 ጀምሮ ዊልያም ፓርከር የሚባል ሰው ነበረ። ስለ ፓርከር በቅን መናገር ያስፈልጋል። ከእርሱ በፊት የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በጉቦ የታወቀ ነበር፤ ይህን ያጸዳው እርሱ ነው። የፖሊሱን ሥልጠና ጥብቅ አደረገ፤ በአውቶሞቢልና በራዲዮ የሚሠራ፣ ፈጣንና ንጹሕ ሠራዊት አቋቋመ። ነገር ግን ፖሊሱን ከጉቦ ለማራቅ ሲል ከሕዝብም አራቀው። በእግሩ እየዞረ የሱቁን ባለቤት ደኅና አደርህ የሚለው ፖሊስ ቀረና፣ መስታወቱን ዘግቶ የሚያልፍ ፖሊስ በቦታው ተተካ። ጉቦ የሚቀበል ፖሊስ ቢያንስ የሰፈሩን ሰው ስም ያውቅ ነበር ብሎ መቀለድ ይቻል ይሆናል፤ ግን የሚያስቅ ነገር አይደለም።

በዚህ ሠራዊት ውስጥ ብራድሊ ቀን ሠርቶ ማታ ሕግ ይማር ነበር፤ በ1956 የጥብቅናውን ፈተና አለፈ። በ1958 የመቶ አለቃ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ በከተማው ፖሊስ ውስጥ ከእርሱ የበለጠ ማዕርግ ያለው ጥቁር አልነበረም። በዊልሻየር ጣቢያ አለቃ ሳለም ጥቁርና ነጭ ፖሊሶች በአንድ መኪና ለጥበቃ እንዲወጡ ፈቃደኞችን ፈልጎ ሞከረ። ነጮቹ ፈቃደኞች ከጓደኞቻቸው በደረሰባቸው ዘለፋ ምክንያት ተዉት። እንግዲህ አስቡት፤ ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ አለ፤ የሚሠሩ ፈቃደኞች አሉ፤ ነገሩ ግን በመልበሻ ክፍል ውስጥ በሚወረወር ቃል ፈረሰ። ብራድሊ ከዚህ በላይ የሚወጣበት መሰላል እንደሌለ የተረዳው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። በ1961 ከፖሊስነት ወጥቶ የጥብቅና ሥራ ጀመረ።

ወደ ከተማው አስተዳደር መግባቱ ድንገተኛ አልነበረም። ገና ፖሊስ ሳለ፣ በ1949፣ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሮይባል ለምክር ቤት ሲወዳደር በትርፍ ጊዜው ረድቶት ነበር። በ1963 ራሱ በዐሥረኛው የምርጫ ክልል ተወዳድሮ አሸነፈ። ክልሉ ነጮች፣ ጥቁሮች፣ አይሁድና የጃፓን ተወላጆች ተደባልቀው የሚኖሩበት ነበር፤ ማታ ማታ በየማኅበሩ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረውን መኰንን ብዙዎቹ በመልኩ ያውቁት ነበር። ከዚህ ላይ ከእኛ ጋራ የሚያገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። በ2002 የከተማው ምክር ቤት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተደረደሩበትን ስፍራ ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይም፣ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀረበው የዚያው የዐሥረኛው ክልል ተመራጭ የነበረው ኔት ሆልደን ነው። ይህ ሰው በ1989 ከብራድሊ ጋራ ለከንቲባነት ተወዳድሮ የተሸነፈ ነበረ።

በነሐሴ 1965 ዋትስ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር አጠገብ የመንገድ ፖሊሶች አንድ ወጣት ሹፌር ያዙ። ሰው ተሰበሰበ፤ ክርክር ተነሣ፤ ከዚያም ስድስት ቀን የፈጀ እሳት ሆነ። 34 ሰዎች ሞቱ፣ ከ1,000 በላይ ቈሰሉ፣ 4,000 ያህል ታሰሩ። ብራድሊ በምክር ቤቱ ተነሥቶ ስለ ፖሊሱ አሠራር ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ፤ ከቀድሞ አለቃው ከፓርከርም ጋራ ፊት ለፊት ተጋጨ። ፓርከር በዓመቱ በሥራው ላይ እንዳለ ሞተ፤ ያቋቋመው ልማድ ግን ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም።

በ1969 ብራድሊ ለከንቲባነት ተወዳደረ። በመጀመሪያው ዙር ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ ቀደመ፤ በሁለተኛው ዙር ግን በሥልጣን ላይ የነበረው ከንቲባ ሳም ዮርቲ አሸነፈው። ያሸነፈበትም ዘዴ ሊነገር የሚገባው ነው። ብራድሊ ቢመረጥ ፖሊሶች ሥራቸውን ጥለው ይሄዳሉ፣ ከተማውም ለሁከት ይጋለጣል የሚል ፍርሃት ነዛበት። 21 ዓመት ማዕርግ የለበሰ ሰው የፖሊስ ጠላት ነው ተብሎ ተሸነፈ! ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ጕድለት በድፍረት የሚናገር የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ምን ጊዜም እንዲህ ያለ ስም ይወጣለታል።

በ1973 ሁለቱ ዳግመኛ ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ ብራድሊ ከመቶ 56 ያህል ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ጥቁሮች በዚያን ጊዜ ከከተማው ሕዝብ ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነበሩና፣ ምርጫው የአንድ ዘር ምርጫ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። አምስት ጊዜ ተመርጦ ሃያ ዓመት በከንቲባነት ቆየ። ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውን፣ የከተማውን መካከል አሠራ፤ ለሴቶችና ለጥቁሮች፣ ለሜክሲኮና ለእስያ ተወላጆች የማዘጋጃ ቤቱን በር ከፈተ። በ1984 የኦሎምፒክን ጨዋታ ያስገባው የከተማው ሕዝብ ግብር እንዳይነካ በሚል ውል ነው፤ ጨዋታውም ሲያልቅ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ ተገኘ። እኛ በዚያ ዓመት አልነበርንም። የደርግ መንግሥት ከሶቭየት ኅብረት ጋራ ሆኖ ጨዋታውን አልሳተፍም በማለቱ፣ የኢትዮጵያ ሯጮች ሯጭ የነበረውን ከንቲባ ከተማ ሳያዩ ቀሩ። ለካሊፎርኒያ ገዥነት ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ አልተሳካለትም፤ በ1982 የተሸነፈው ከ100,000 ባነሰ ድምፅ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከንቲባው የቀድሞ ፖሊስ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ቍስል ከማንም ይልቅ ያውቃል። ታዲያ ለምን አላዳነውም?

የከተማው መተዳደሪያ ሕግ በከንቲባውና በፖሊሱ አዛዥ መካከል ግድግዳ ሠርቶ ነበር። በእኛ አገር ፖሊስ ኮሚሽን ሲባል ፖሊሱ ራሱ ነው፤ በሎስ አንጀለስ ግን በዚህ ስም የሚጠራው ከንቲባው የሚሾማቸው አምስት ሲቪል ሰዎች የተቀመጡበት ቦርድ ነው። ቦርዱ የፖሊሱ የበላይ ይባላል። አዛዡ ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሠራተኞች መተዳደሪያ ደንብ የተጠበቀ ነበር፤ ከባድ ጥፋት ካልተረጋገጠበት በቀር ከቦታው የሚያነሣው የለም፤ ለአገልግሎቱም የተወሰነ ዘመን አልነበረውም። ይህ ደንብ የወጣው ለክፋት አይደለም። በዚያን ዘመን ከንቲባዎች የፖሊስ ሹመትን እንደ ሸቀጥ ይሸጡ ነበር፤ በ1938 ከንቲባ ፍራንክ ሾው በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን የተሻረው እንዲህ ባለ ንቅዘት ምክንያት ነው። እንግዲህ አዛዡን ከክፉ ከንቲባ ለመጠበቅ የተሠራው ግድግዳ አዛዡን ከመልካም ከንቲባም ጠበቀው። ደንብ የሰውን ፊት አይቶ አይለይም። የሥራ ዋስትና ያለው ሠራተኛ ሁሉ ይህን ነገር ከሁለት ወገን ሊያየው ይገባል፤ እኔም ዋስትናው እንዲጠፋ ከሚሹት አይደለሁም።

ብራድሊ በቦርዱ በኩል ቀስ በቀስ መሥራትን መረጠ። ጥቂት ነገርም ተገኘ። አንገት አንቆ የመያዝ ዘዴ ሰዎችን ስለ ገደለ በ1982 ቦርዱ በጥብቅ ወሰነው። ሰላማውያን የፖለቲካ ማኅበራትን ሲሰልል የተገኘው የፖሊስ ክፍል በ1983 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የብራድሊን የቀድሞ ሥራ የሚመስለው ነገር ጠፋ። በ1970 ገደማ አዛዡ ኤድ ዴቪስ አንድ የጥበቃ መኪናና ፖሊሶቹ ለአንድ ሰፈር ብቻ እንዲመደቡ፣ ከሰፈሩም ሕዝብ ጋራ እየተሰበሰቡ እንዲመካከሩ አድርጎ ነበር። ሰውየው ግትርና ተናጋሪ ነበር፤ ከብራድሊም ጋራ ብዙ ጊዜ አልተስማማም፤ በዚህ ነገር ግን እውነቱን መመስከር ያሻል፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። በ1978 የካሊፎርኒያ ሕዝብ የቤትና የመሬት ግብርን በድምፁ ዝቅ ሲያደርግ የከተማው ገቢ ቀነሰና፣ በየሰፈሩ የተመደበው የፖሊስ ቡድን አሠራር ገንዘብ የለም ተብሎ ታጠፈ። በዚያው ዓመት አዛዥ የሆነው ዳሪል ጌትስ ወደ ፓርከር መንገድ ተመለሰ፤ ጌትስ በወጣትነቱ የፓርከር ሹፌር ነበረ። በ1991 ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ለሚሆን ሕዝብ የነበሩት ፖሊሶች 8,300 ያህል ብቻ ነበሩ። ጥቂት ፖሊስ ይዞ ሰፊ ከተማ የሚጠብቅ አዛዥ ፍጥነትንና ኀይልን ይመርጣል፤ ከሕዝብ ጋራ መነጋገር ጊዜ የሚፈጅ ነገር ይመስለዋል።

በመጋቢት 3 ቀን 1991 ሌሊት ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለ ጥቁር ሰው መኪናውን አሳድደው ካስቆሙት በኋላ በዱላ ደጋግመው ሲመቱት፣ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ያየ አንድ ሰው በቪዲዮ ቀረጸው። ዓለም ሁሉ አየው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ለአርባ ዓመት ሲነገር የነበረው አቤቱታ በዚያች ሌሊት በሥዕል ታየ። ዝምተኛው ከንቲባ በሚያዝያ ወር ጌትስ ሥራውን እንዲለቅ በአደባባይ ጠየቀ። ጌትስ አልለቅም አለ። ቦርዱ ለ60 ቀን ከሥራ አገደው፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ የከተማው ምክር ቤት ከአዛዡ ጋራ ተስማማና አዛዡ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከንቲባውና አዛዡ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቈዩ። የአንድ ከተማ ሁለት ታላላቅ ሹማምንት፣ ሁለቱም በአንድ የፖሊስ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ለአንድ ሕዝብ ደኅንነት ኀላፊ የሆኑ፣ በስልክ እንኳ አይነጋገሩም ነበር። በእኛም መሥሪያ ቤቶች የተኰራረፉ ሁለት ኀላፊዎች መዝገብ በተላላኪ ብቻ ሲላላኩ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የመዝገቡ መዘግየትና የከተማ መቃጠል ግን አንድ አይደለም።

በዚሁ ጊዜ ዋረን ክሪስቶፈር በተባለ የሕግ ሰው የሚመራ መርማሪ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ይህ ሰው በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ሆኗል። ጉባኤው ፖሊሶች ከመኪና ወደ መኪና የተጻጻፉትን መልእክት ሳይቀር መረመረ፤ ደጋግመው አቤቱታ የቀረበባቸውን 44 ፖሊሶች ለይቶ አገኘ። በሐምሌ 1991 ባወጣው ማስታወቂያ ሠራዊቱ ወደ ማኅበረሰብ አቀፍ አገልግሎት እንዲመለስ፣ የአዛዡም ዘመን አምስት ዓመት ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታደስ እንዲሆን አሳሰበ። ሐሳቡ በሰኔ 1992 ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ተወሰነ።

ድምፁ ሊሰጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ 29 ቀን 1992፣ ኪንግን በመምታት የተከሰሱት ፖሊሶች ከዋናው ክስ ነጻ ተባሉ። ብራድሊ በዚያው ቀን ወጥቶ፣ የዳኞቹ ፍርድ በዐይናችን ያየነውን አያስክደንም ብሎ ምሬቱን ገለጸ፤ ማታም በአንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ከተሰበሰበው ሕዝብ ጋራ ነበረ። ቃሉ እሳቱን ያባብሳል ብለው የወቀሱት ነበሩ። ጌትስ በዚያች ማታ የነበረው ግን ከጣቢያው ርቆ፣ የአዛዡን ዘመን የሚወስነውን ሕግ ለመቃወም ገንዘብ በሚሰበሰብበት ግብዣ ላይ ነው። ከተማው ለቀናት ነደደ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የጠፋው ንብረት ዋጋው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር ያላነሰ ሆነ። ቤታቸውና ሱቃቸው ከተቃጠለባቸው ብዙዎቹ ከኮሪያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ፖሊስ ጠርተው የመጣላቸው አልነበረም።

እኔ ስለ ብራድሊ የምፈርደው እንዲህ ነው። ዝምታው በ1950 ቤት ሲገዛ፣ በ1958 የመቶ አለቃ ሲሆን፣ በ1973 የነጮችን ፍርሃት ሲያበርድ ጠቅሞታል። በ1980ዎቹ ግን ጐዳው። የምርጫ ጠላቶቹ የፖሊስ ጠላት ብለው ያወጡለትን ስም እየፈራ፣ ሕጉ እንዲለወጥ ለሕዝብ በግልጽ ለመናገር እስከ 1991 ቈየ፤ ሕዝቡ ግን ሲጠየቅ ጊዜ አልወሰደም፤ በሰኔ 1992 ሁለት እጅ በሚሆን ድምፅ ሕጉን አጸደቀው። ሌላም ነገር መሸፈን አይገባም። በ1989 ከንቲባው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋራ ጕዳይ ከነበረው አንድ ባንክ የአማካሪነት ገንዘብ መቀበሉ ተገለጠ። ገንዘቡን መለሰ፤ የወንጀል ክስም አልቀረበበትም፤ ከዚያ በኋላ ግን ብራድሊ ንጹሕ ነው የሚለው ቃል እንደ ቀድሞው በሙሉ አፍ የሚነገር አልሆነም። ከጭሰኛ ቤት ወጥቶ ሃምሳ ዓመት የከተማ እንጀራ የበላ ሰው ከአንድ ባንክ ጥቂት ገንዘብ መቀበሉ ያሳዝናል።

ጌትስ በ1992 ወጣ፤ ዊሊ ዊልያምስ የተባለ ጥቁር አዛዥ ከፊላዴልፊያ መጣ። ብራድሊ በ1993 ለስድስተኛ ጊዜ ሳይወዳደር ወንበሩን ለቀቀና ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። በ1996 ልቡን ታመመ፤ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን በደረሰበት የአንጐል ሕመምም አንደበቱ ተያዘ። በመስከረም 1998 በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

አዲሱ ሕግ ግን መሥራቱን ቀጠለ። በ1997 ዊልያምስ አምስት ዓመቱን ሲጨርስ ቦርዱ ሁለተኛ ዘመን አልሰጠውም፤ ማንም ሳይከስሰው፣ ከተማውም ሳይቃጠል፣ ጊዜህ አብቅቷል ተብሎ ሄደ። በቦታው በርናርድ ፓርክስ ተተካ፤ እርሱም በ1965፣ ዋትስ በተቃጠለበት ዓመት፣ ፖሊስነት የገባ ጥቁር መኰንን ነበረ። በ2002 ለእርሱም ሁለተኛ ዘመን ተከለከለው። ፓርክስ ማዕርጉን ሰቅሎ በየሰፈሩ ዞረ፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ቀረበ፤ በ2003 ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድሮ በስምንተኛው ክልል ተመረጠ።